የካርቶኑ ቁልፍ

ከአዋሽ እስከ ሰመራ ቁልፍ ታቅፎ የተጓዘ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። የኪስ ቁልፍ ማለቴ አይደለም። ከኔ ቁመት ትንሽ የሚያንስ፣ በካርቶን ተሠርቶ ወርቅማ ቀለም የተቀባ፣ አንገቱ ላይ ቀይ ሪባን የታሰረበት ቁልፍ። እኔ ተጉዣለሁ። ከዚያ ወዲህ ቤት የሚባለውን ነገር እንደ ድሮዬ ማየት ስላቃተኝ ላወጋችሁ ተቀመጥኩ።

በዚያን ጊዜ አዋሽ ከወላጆቼ ጋር የምኖር፣ ዲግሪዋን ግድግዳ ላይ ሰቅላ ሥራ የምትጠብቅ ልጅ ነበርኩ። የተወለድኩት በአሮጌው ባቡር ጣቢያ ሠፈር፣ ለሠራተኛ በተሰጠ ቤት ውስጥ ነው። አባቴ የሀዲድ ጥገና ሠራተኛ ነበር። ባቡሩ መሄድ ካቆመ ዓመታት አልፈው እንኳ ካኪ ሸሚዙን ለብሶ ሀዲዱን ዞር ዞር ብሎ ሳያይ ቁርስ አይቀምስም። እናቴ "ሂድ፣ ሂድ፣ ሊያመልጥህ ነው!" እያለች ትሸኘዋለች። እኔ ደግሞ ጣቢያው ላይ ወተት ከሚሸጡ የአፋር ሴቶች ልጆች ጋር አፈር ፈጭቼ ስላደግሁ አፋርኛን እንደ ውሃ እጠጣዋለሁ። በዲግሪዬ ያጣሁትን ሥራ ያገኘሁት በዚሁ ነው።

የሥራዬ ስም ርዝመቱ ብቻ ደመወዝ የሚያስጨምር ነበር፤ "በመንግሥትና የግል አጋርነት የስደተኞች ዘላቂ ማቋቋሚያ ፕሮግራም የማኅበረሰብ ግንኙነትና የትርጉም ባለሙያ"። ነገሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። መንግሥት መሬት ይሰጣል። ውጭ አገር ያሉ ለጋሾች ገንዘብ ይሰጣሉ። ድርጅታችን ሰመራ ዳርቻ ላይ የተምር እርሻ ያለማል። ከኤርትራ በኩል ተሰደው መጠለያ ጣቢያ ውስጥ ዓመታት የቆጠሩ አፋሮች በእርሻው ይቀጠራሉ፣ ቤትም ይሠራላቸዋል። አጋርነት ነውና ስደተኞቹም የሚያዋጡት ነገር ነበራቸው፤ ፎቶ ይነሳሉ።

ቤቶቹ ተሠርተው ሲያልቁ የምረቃ ቀን ተቆረጠ። ሥራ አስኪያጃችን አቶ ሳምሶን ከአዲስ አበባ ሲመጣ አዋሽ አድሮ፣ በማግስቱ ጠዋት ሊወስደኝ በራችን ላይ ቆመ። መኪናው ውስጥ ያ ቁልፍ ከኋላ መስታወት እስከ ፊት መስታወት ተጋድሟል።

"ከኋላ ግቢና እቀፊው" አለኝ። "አደራሽን ጥርሱ እንዳይታጠፍ። አዲስ አበባ ውስጥ ይኼን የሚሠራ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው።"

እናቴ ቀረብ ብላ አየችውና "ለዚህ ቁልፍ የሚሆን በር ማን ሠራው?" ብላ ጠየቀች። አቶ ሳምሶን ምሳሌያዊ መሆኑን በትሕትና አስረዳት። "እሱስ ገብቶኛል" አለች እናቴ፣ "ትክክለኛው የት ነው ማለቴ ነው።" አቶ ሳምሶን ስቆ ሹፌራችንን ያሲንን "እንሂድ" አለው።

የጅቡቲን መንገድ የሚያውቅ ኬላውንም ያውቃል። ከኬላዎቹ በአንዱ ላይ ፈታሹ አንገቱን በመስኮት አስገብቶ ቁልፉን ትክ ብሎ አየው።

"ምንድን ነው?"

"ቁልፍ ነው" አልኩ።

"የምን ቁልፍ?"

"የቤት።"

"ውስጡ ምን አለ?"

"ባዶ ነው።"

"ባዶ ነገር ነው እንዲህ ታቅፈሽ የያዝሽው?" አለኝ። እውነቱን ነው፤ ኮንትሮባንድ የያዘ ሰው ነው እንደዚያ የሚጠነቀቀው። የጆንያ መውጊያ ብረቱን አምጥቶ አንገቱ ላይ ሸቀሸቀው። ካርቶን ብቻ ሲያገኝ ከኛ ይልቅ እሱ አዘነ። አቶ ሳምሶን እየተሳደበ ቀዳዳውን በድርጅቱ አርማ ለጠፈበት።

አዳይቱ ላይ ሻይ ልንጠጣ ወረድን። ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው የተቀመጡ አንድ የአፋር ሽማግሌ አፋርኛ መናገሬን ሲሰሙ ወሬ ጠየቁኝ። አፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ያየውንና የሰማውን ሳይለዋወጥ አይላቀቅም፤ ዳጉ ይሉታል። እኔም ስለ ቁልፉ፣ ስለ ቤቱ፣ ስለ ድግሱ አንድ ሳላስቀር አወራኋቸው።

"ለማን ነው የምትሰጡት?" አሉኝ።

"ሁመድ ለሚባል ሰው። የመጀመሪያውን ቤት እሱ ነው የሚረከበው።"

"ለወንዱ?"

"ለወንዱ።"

ሽማግሌው ሻያቸውን ጨለጡ፣ "እህ" አሉ፣ ከዚያም ሰመራ አጠገብ ወዳለችው ሎግያ የሚሄድ የጭነት መኪና አስቁመው ተሳፈሩ። የቸኮሉ ይመስሉ ነበር። እኔ ልብም አላልኩት።

ሁመድን ከነቤተሰቡ የመረጥነው መጠለያው ውስጥ ነው። ለፎቶ የሚመች ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ነበር። ሚስቱ ፋጡማ ግን ዝም አታውቅም። ስለዚያ ቤት ያልጠየቀችኝ አልነበረም። በሩ ይቆለፋል? መብራቱ ፍሪጅ ይችላል? ከአስፋልቱ ስንት እርምጃ ነው? ሐሳቧ ወደ ጅቡቲ ድንበር፣ ወደ ገላፊ ለሚወርዱ የከባድ መኪና ሹፌሮች ቀዝቃዛ ውሃ መሸጥ ነበር። "የጠማው ሹፌር መታወቂያ አይጠይቅም" ትለኝ ነበር። መጠለያ ውስጥ የሠራችውን ሁሉ ወይ ፍየል ይበላባታል ወይ ሰው ይወስድባታል። ስለዚህ ከቤቱ ሁሉ በላይ የምትመኘው በሩን ነበር። ባየኋት ቁጥር ስለዚያ በር ስለምታነሳብኝ፣ ነገሩ ሳይሆንላት እንዳይቀር ከሷ እኩል እፈራ ጀመር።

የምረቃው ዕለት ፀሐይዋ ገና በጠዋቱ አናት ትበሳለች። ድንኳን ተተክሏል፤ ፊት ለፊት ሶፋ፣ ከኋላ ፕላስቲክ ወንበር፣ ከዚያ ወዲያ ምንጣፍ። ሴቶቹ ምንጣፉ ላይ ናቸው። የክልሉ ባለሥልጣን ንግግር አደረጉ። የለጋሾቹ ተወካይ፣ ፊቷ እንደ በርበሬ የቀላ ፈረንጅ፣ ንግግር አደረገች። አቶ ሳምሶን ሁለቱንም የሚያስከነዳ ንግግር አደረገ። እኔ ማይክ ይዤ ሁሉንም ወደ አፋርኛ እመልሳለሁ። "ዘላቂ" የሚለው ቃል ስለበዛብኝ በመጨረሻ "ለረጅም ጊዜ፣ ኢንሻአላህ" እያልኩ ማለፍ ጀመርኩ።

ከዚያ ሁመድ ተጠራ። አዲስ ሽርጥ አገልድሞ መድረኩ ላይ ወጣ። ባለሥልጣኑና አቶ ሳምሶን ቁልፉን ግራና ቀኝ ይዘው ዘረጉለት። ካሜራ ያዡ ተንበረከከ። ሁመድ ሁለት እጁን ወደ ኋላው አደረገ።

"ንገሪው እንጂ፣ ይያዝ!" አለኝ አቶ ሳምሶን በፈገግታው ሥር።

"ሁመድ፣ ያዘው" አልኩት በአፋርኛ።

"አልይዝም።"

"ምነው?"

"ትናንት አንድ ሽማግሌ ከአዳይቱ መጥቶ አወራ። 'ሁመድ ቤት ሊቀበል ነው' አለ። ከዚያ ወዲህ ወንዶቹ አላስቀመጡኝም። 'ሁመድ ሰሌን መሸመን ጀመርክ ወይ? ሁመድ ቤት መትከያው እንጨትህ የት አለ?' ይሉኛል። ወላሂ ይኼን ይዤ ብወርድ ስሜ እስከ ባሕሩ ዳርቻ ይሄዳል።"

ያኔ ነው ያዳይቱ ሽማግሌ "ለወንዱ?" ማለታቸው የገባኝ። የአፋር ቤት፣ ዳቦይታ የሚሉት፣ ከተቀለሰ እንጨትና ከሰሌን ይሠራል። ሰሌኑን የምትሸምነው ሴቷ ናት፤ የምትተክለው እሷ፣ የምትነቅለው እሷ፣ ግመል ላይ የምትጭነው እሷ። ቤቱም የሷ ነው። ወንድ ሲያገባ ሚስቱ ቤት ይገባል። ልጅ ሆኜ ይኼን ስንት ጊዜ አይቻለሁ! ግን በዚያ ሁሉ ስብሰባ ላይ አንዴም ትዝ አላለኝም፤ እቅዱ ላይ "አባወራ" ተብሎ ስለተጻፈ እኔም "አባወራ" እያልኩ ከረምኩ።

"ምን አለ?" አሉ ባለሥልጣኑ ላባቸውን እየጠረጉ። "ደመወዝ ነው?"

አቶ ሳምሶን ማይኩን በእጁ ከለል አድርጎ ጆሮዬ ላይ ተጠጋ። "አመሰግናለሁ አለ በይ። እምቢ ካለ ቀጣዩን ቤተሰብ ጥሪ፤ ቤቱን ለነሱ እንሰጣለን።"

ቀጣዩ ቤተሰብ ከድንኳኑ ጎን ተዘጋጅቶ ቆሟል። እዚያ ምንጣፍ ላይ ፋጡማ ከተቀመጠችበት ተነሥታለች። አማርኛ ባትሰማም አቶ ሳምሶን ወደነዚያ ሰዎች ማየቱን አይታለች። በሕይወቴ እንደዚያ የሚያይ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም፤ በሩ ሲሄድባት እያየች ነበር። ማይኩን አፌ ላይ አደረግሁና ሳላስበው ሁሉንም አወጣሁት።

"ሁመድ የሚለው፣ ቤት የሴት ነው፤ እኔ ብቀበለው ነውር ነው፤ መስጠት ከፈለጋችሁ ሚስቴ ያቻትና ስጧት ነው።"

የመጨረሻዋን ሁመድ አላላትም። ግን አልተቃወመኝም፤ ያን ያህል አማርኛ ያውቅ ነበር።

ፋጡማ በወንበሮቹ መሃል እየሰነጠቀች መጣችና መድረኩ ላይ ወጣች። እጇን ትዘረጋለች ስንል ወገቧ ላይ አደረገችው።

"ጠይቂልኝ" አለችኝ። "ቤቱ የኔ ነው? ሁመድ ሥራውን ቢተውስ? ቢሞትስ? ቢፈታኝስ?"

ጠየቅሁ። አቶ ሳምሶን ጉሮሮውን ጠራርጎ "ቤቱ ከሥራው ጋር የተያያዘ ነው። ሥራው ሲቋረጥ ለድርጅቱ ተመላሽ ይሆናል" አለ።

ስተረጉምላት አዋሽ ያለው አባቴ ታየኝ፤ ሥራው ከሄደ በኋላ ከሥራ ጋር በተሰጠው ቤት ውስጥ፣ ካኪውን ለብሶ።

ፋጡማ ሰምታ ስታበቃ "እንግዲያው ቁልፉን ለተምሩ ስጡት" አለች።

ምንጣፉ ላይ ያሉት ሴቶች በሳቅ ተንፈራፈሩ። በአማርኛ ደገምኩት፤ ፕላስቲክ ወንበሮቹ ሳቁ። አስተርጓሚዋ ጆሮዋ ላይ ሲነግራት ፈረንጇም ሳቀች፣ ማጨብጨብም ጀመረች። ባለሥልጣኑ ፀሐይዋን አዩ፣ ካሜራውን አዩ፣ የምታጨበጭበውን ለጋሽ አዩ። ከዚያ ማይኩን ከእጄ ወሰዱ።

"ቤቱ የእናቶች ነው!" አሉ። "የናንተ ነው!"

አቶ ሳምሶን ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ።

ስተረጉምላት ፋጡማ "ይድገመው" አለች። "ከኋላ ያሉት አልሰሙም።"

ደገሙት፣ ጮክ ብለው። ከኋላ ያሉትም ሰሙ። በዚያ አገር ሰው ሁሉ እየሰማ የወጣ ቃል ተመልሶ አይገባም፤ በማግስቱ ወሬው ዱብቲም፣ ገላፊም ደርሷል። ፋጡማ ቁልፉን ተቀበለች፤ በፀሐዩ ልፍስፍስ ብሎ ስለነበር ጥርሱ ወደ መሬት ታጠፈ። ፎቶው ላይ የሞተ አዞ የያዘች ነው የምትመስለው።

አሁን በሩ ይከፈት ተባለ። አቶ ሳምሶን የግራ ኪሱን ነካ፣ የቀኝ ኪሱን ነካ፣ የኮቱን ኪስ ነካ። ትክክለኞቹ ቁልፎች አዋሽ፣ ያደረበት ሆቴል መሳቢያ ውስጥ ቀርተዋል። የእናቴ ጥያቄ ያኔ ትዝ ሳይለው አልቀረም፤ እኔን ማየት አልፈለገም።

ሹፌራችን ያሲን ካቻቪቴ ይዞ መጣ። የበሩ ማጠፊያ በውጭ በኩል ስለተገጠመ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈታና በሩን እንዳለ ነቅሎ ግድግዳው ላይ አስደገፈው። እንግዶቹ ገብተው ጎበኙ። ፈረንጇ "በጣም ነፋሻ ነው" ብላ አደነቀች፤ በር የሌለው ቤት እንዴት አይነፍስ!

ፋጡማ ግን አልገባችም። ያሲን መዳፍ ላይ ያሉትን ብሎኖች ታያለች።

"ይቺ ብቻ ናት የያዘችው?" አለችው በኔ በኩል።

"እሷ ብቻ ናት" አላት።

"ቆርቆሮውንስ?"

"እሱም በብሎን ነው። ከፈታሽው ይወርዳል።"

"ግድግዳውስ?"

"ብሎኬት ነው፤ እሱ የትም አይሄድ።"

"ግድግዳ ምን ያደርግልኛል" አለች። ፊቷ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈታ አለ። "ማሻአላህ። እኔኮ የማይነቀል ቤት መስሎኝ ፈርቼ ነበር።" ከዚያ ያሲንን ያን ካቻቪቴ እንዲሸጥላት ጠየቀችው። እሱ ደግሞ ስቆ በነጻ ሰጣት።

ሁላችንም ሳቅን። ቀልድ መስሎን ነበር።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ብታውቁት ትስቃላችሁ። ቃሉ ከነካሜራው ስለወጣ ድርጅቱ ውሎቹን ሁሉ በሴቶቹ ስም ቀየረ። በሚቀጥለው ሪፖርት ላይ "የሴቶች የቤት ባለቤትነት" ከመጀመሪያው የታሰበበት ፈር ቀዳጅ ስልት ሆኖ ቀረበ። አቶ ሳምሶን ስለዚሁ ለማስረዳት ሁለት ጊዜ ውጭ አገር ተጋበዘ። የኔ ውል ግን ሲያልቅ አልታደሰም። ምክንያቱ "የትርጉም ጥራት ጉድለት" ይላል። ሰመራ ቀረሁና ሎግያ ላይ ቤት ተከራይቼ ለሌሎች መተርጎም ጀመርኩ፤ ጉድለቴን ሳላርም።

ተምሩን አፈሩ እምቢ አለው። ጨው ነው አሉ፣ ውሃው ነው አሉ፣ አጋርነቱ ነው ያለ ግን አልነበረም። "ፕሮጀክቱ በስኬት ተጠናቋል" ተባለና ድርጅቱ ቤቶቹን ሊረከብ ሰው ላከ። በዚያው ቀን አቶ ሳምሶን ደወለልኝ።

"የምረቃው ዕለት ባለሥልጣኑ ምን ነበር ያሉት?"

"ቤቱ የናንተ ነው፤ ሁለት ጊዜ።"

"ቤቶቹ የሉም!" አለ። "ግድግዳ ብቻ ነው የቆመው። በር የለም፣ መስኮት የለም፣ ጣሪያ የለም!"

"ታዲያ ቤታቸውን ይዘው ሄዱ" አልኩት።

ስልኩን ዘጋው። አልፈረድኩበትም፤ እሱም ቤቱ ከሥራው ጋር የሆነ ሰው ነው።

ፋጡማን ወደ ገላፊ በሚወስደው አስፋልት ዳር አገኘኋት። ከባድ መኪናዎች ተደርድረው ቆመዋል። ቤቷ ግማሹ ሰሌን፣ ግማሹ ቆርቆሮ ሆኖ፣ መሃሉ ላይ ያ የብረት በር ቀጥ ብሎ ቆሟል። ከበሩ ኋላ ፍሪጅ ያጓራል። በሩ ላይ ከተለጠፈው የአጋሮቹ አርማ ግማሹ ተላጦ ግማሹ አለ። ሁመድ ጥላው ሥር ተቀምጦ ለሹፌሮቹ ወሬ ያቀብላል። ውሃ ስትሰጠኝ ሒሳብ ተቀበለችኝ፤ ደስ አለኝ።

ብዙም ሳይቆይ አባቴ የጣቢያውን ቤት እንዲለቅ ተነገረው፤ ሠፈሩ ለሌላ ሥራ ተፈልጓል። አዋሽ ስደርስ ካኪውን ለብሶ ግድግዳ ሲቀባ አገኘሁት። ንጹሕ አድርጎ ሊያስረክብ ነው። እናቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ሰው ሲያለቅስ የማደርገው ስለሚጠፋኝ የፋጡማን ነገር ከቁልፉ እስከ ፍሪጁ አወራሁላት።

አፍንጫዋን ጠርጋ "የጫነላት መኪና ስንት ጠየቃት?" አለችኝ።

በራችን የባቡሩ አልነበረም። የቀድሞውን ምስጥ ስለበላው አባቴ በገዛ ገንዘቡ ዋንዛ አሠርቶ የገጠመው ነው። እናቴ ካቻቪቴ ይዛ ስትመጣ አባቴ ብሩሹን እንደያዘ ደነገጠ።

"ተይ አንቺ ሴትዮ፣ የመንግሥት ንብረት ነው!"

"መንግሥት በሩን መቼ ገዛው?" አለችው። "ጎርሰህ ሳትጠግብ የገዛኸው አንተ ነህ። በል ከታች ደግፍልኝ።"

አባቴ ብሩሹንና በሩን አፈራርቆ አየ። በኋላ ብሩሹን አስቀመጠና ከታች ደገፈላት። ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

እናንተ ይኼን የምታነቡ ሰዎች፣ ቤታችሁ ከምን ጋር እንደተያያዘ እስኪ ጠይቁ። እኔ ሦስት ባለሥልጣን፣ ሁለት ድርጅትና አንድ ለጋሽ ተሰብስበው ስለ ዘላቂ ቤት ሲመክሩ ስተረጉም ኖሬ፣ ዘላቂ ቤት ምን እንደሆነ የገባኝ አንዲት ሴት መዳፍ ላይ ያለ ብሎን ስታይ አይቼ ነው። አሁን ሥራ ስቀበል መጀመሪያ ደመወዙን አልጠይቅም። ሲያልቅ ምን ይዤ እንደምሄድ ነው የምጠይቀው።

የዋንዛው በር አሁን ሎግያ የተከራየሁት ቤት ላይ ተገጥሟል፤ ወላጆቼም አብረውኝ ናቸው። አባቴ ዛሬም ጠዋት ካኪውን ይለብሳል። ሀዲድ ስለሌለ አስፋልቱን፣ ወደ ጅቡቲ የሚወርዱትን መኪናዎች ዞር ዞር ብሎ አይቶ ይመለሳል። በሩ ጋ ሲደርስ ኪሱን ይዳብስና ወደ ውስጥ ይጣራል።

"ቁልፉ ማን ጋ ነው?"

እናቴ ከውስጥ ትመልስለታለች።

"እኔ ጋ ነው። ግባ።"